አሥራ አራት ኪሎ

የጤና ጣቢያው ሚዛን፣ መርፌው እንደ ሰካራም ዋለለ፣
አምሳል ስትስቅ፣ ስትወዛወዝ፣ ቁጥሩ እየዘለለ፤
«ትንሽ ፀጥ በይ» ስትላት ነርሷ፣ በመጨረሻ ቆመ፤
አሥራ አራት ኪሎ። በካርዷ ላይ በሰማያዊ ተቀለመ።
የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ፤ ቁጥር ካየሁ አልረሳሁ፣
አሥራ አራት ኪሎ፣ የሰፈር ስም የሚመስል፣ እያልኩ ተነሳሁ፤
ለሳይክሌ የኋላ መጫኛ ፍለጋ፣ ወደ አራዳ ወጣሁ።

«ባጃጅ እያለ?» ይሉኛል። ባጃጅማ አለ፣ ቤንዚን ሲኖር፤
ሰልፍ ላይ ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ፣ እንደ ምሰሶ ቆማ አታድር።

ሦስት ዓይነት አገኘሁ።
አንዱ አሉሙኒየም፣ እንደ ሠርግ ማንኪያ የሚያንጸባርቅ፣
እግር አልባ፣ የኮርቻውን ግንድ በአንድ ብሎን ብቻ የሚያንቅ፤
«ቀላል ነው፣ ዘመናዊ ነው» አለኝ ሻጩ፣ በአንድ ጣት አንስቶ፤
«ስንት ይሸከማል?» ስለው፣ ዋጋውን ነገረኝ ጥያቄዬን ትቶ።
ሁለተኛው ሞላ ያለው፣ እንደ አይጥ ወጥመድ የሚናከስ፣
ለደብተር ይሆናል፣ ለዳቦ፤ የልጅ ጭን ግን የሚያስለቅስ።
ሦስተኛው ብረት፣ ከማን ሳይክል እንደተፈታ የማይታወቅ፣
አንድ እግሩን ሽቦ የያዘው፣ ገና ሲያዩት የሚወልቅ።

ሻጩ ስለ ክብደት ያወራል፤ እኔ ስለ ተረከዝ አስባለሁ፤
ጎማው ሲሽከረከር፣ ሽቦው የሚነክሳትን እግር አያለሁ፤
ከፒያሳ እስከ አዘዞ ያለውን ቁልቁለት፣ ፍሬኑ ሲያለቅስ፣
ባጃጁ ሳያሳይ ሲታጠፍ፣ አህያው መሀል መንገድ ሲያስነጥስ።

ስለዚህ ሞከርኩ። ከጎረቤቴ ሱቅ፣ ከወይዘሮ ትርንጎ ዘንድ፣
አሥራ አራት ኪሎ ምስር ተውሼ፣ አሉሙኒየሙ ላይ በገመድ
አስሬ ወረድኩ፣ ወጣሁ። መጫኛው እንደ ውሻ ጅራት ሲወዛወዝ፣
ምስሩ ግን ጨዋ ነው፤ በተቀመጠበት ዝም ብሎ ሲጓዝ፤
ግንቡ ለምን ጣራ የለውም፣ ማን ወሰደው፣ ብሎ አይጠይቅም፣
የጓደኛውን ባጃጅ ሲያይ፣ እጁን አውጥቶ አይሳለቅም፣
መሀል ቁልቁለት ላይ ዘፈን አይጀምርም፣ ወደ ግራ ተዘንብሎ፣
እንቅልፍ አይወስደውም፣ አፉን ከፍቶ፣ አንገቱን ጥሎ።
ያኔ ገባኝ፤ ነርሷ የጻፈችው ግማሹን ብቻ ኖሯል፤
የቀረው ግማሽ፣ እዚያው ሚዛኑ ላይ፣ ሲዘል ቀርቷል።

ጋሽ እንድሪስ በያጁ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ልጅ ነው ጭነቱ?» አለ። «ልጅ ነው።» ዝም አለ፣ ጎማውን ጨብጦ፣ ቸል ብሎ።
«እንግዲያስ አራት ቦታ ይታሰራል፤ ሁለት ከታች፣ ሁለት ከላይ፤
የእግር መርገጫ፣ የጎን ላሜራ፤ ሽቦውን ጣቷም እንዳያይ።»
ብረቱን ከተጣለ የትምህርት ቤት ዴስክ እግር ላይ ቆረጠ፤
በሚስማር የተጫረ «ገበያው፣ ስድስተኛ ለ»፣ በቀለሙ ሥር አፈጠጠ።
ዋጋው ከአሉሙኒየሙ አነሰ፤ ክብደቱ ሦስት እጥፍ፤
የዳገቱን ዕዳ ጭኔ ይክፈለው፤ ላቤም ይንጠፍጠፍ።
ትራሱን ሚስቴ ሰፋች፣ ከአሮጌ ካፖርቴ፤ ቀበቶም አከለች፤
እኔን አስቀምጣ ጎተተችው፤ «ይይዛል» እስክትል ብዙ ቆየች።

አሁን ማለዳ ማለዳ፣ አላያትም፤ ኋላዬ ናት፤
ቀበቶዬን በጨበጡ፣ በሁለት ጡጫዎች ነው የማውቃት፤
ሲላሉ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ሲጠብቁ አህያ አይታለች፤
አንዱ ብቻ ሲቀር፣ በሌላው ለሰው ሁሉ ሰላምታ ትሰጣለች።
በመዋዕለ ሕፃናቷ በር ወርዳ ስትሮጥ፣ ሳይክሉ ይቀላል፤
ጀርባዬ ግን እስከ አዘዞ፣ ራሷን ሲጠብቅ ይውላል።

ማታ ዳገቱ ላይ ወርጄ ስገፋ፣ እሷ ከላይ ተቀምጣ፣
ጣቷ በብረቱ ጭረት ይሄዳል፣ ወጣ ገባ፣ ገባ ወጣ፤
«አባ፣ ይሄ ምን ይላል?» «ገበያው።» «ማነው?» «አላውቀውም።»
«ታዲያ ለምን ወንበሩን ሰጠኝ?»
ይህንን ጋሽ እንድሪስም፣ ሚዛኑም፣ ማንም አልነገረኝም።

ዓመት ሳይሞላ ይጠባታል፤ ያኔ ጎመን እጭንበታለሁ፤
እስከዚያው፣ የግራው ብሎን ይንቀጫቀጫል። ቅዳሜ አጠብቀዋለሁ።